ለበረንዳ የሚሆን ወንበርና ጠረጴዛ፦ ብረት፣ እንጨት ወይስ ቀርከሃ? (ለገጣፎ)

ማሂ ከለገጣፎ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ቤታችን ለገጣፎ ነው። ከፊት ለፊት 4 በ6 ሜትር የሚሆን በረንዳ አለን። ግማሹን የቤቱ ጣራ ይሸፍነዋል፣ ግማሹ ክፍት ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከ9 ሰዓት ጀምሮ፣ ፀሐዩ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። ክረምት ደግሞ ዝናቡን ነፋስ እየገፋው በሩ ድረስ ያመጣዋል። እስከ ዛሬ ልብስ ማስጫ ሆኖ ነው የቆየው። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከቤቱ ሁሉ የምወደው ቦታ እሱ ነው።

አሁን ትንሽ ገንዘብ ስላጠራቀምን ወንበርና ጠረጴዛ ልናስገባበት አስበናል። እናቴ ከእኛ ጋር ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጠች መነሳት ይከብዳታል። ሁለት ልጆች አሉ፣ ያገኙት ነገር ላይ ሁሉ ይወጣሉ። እሁድ እሁድ ቡናው እዚያ እንዲፈላ እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ማኅበር ተራ ይደርሰናል፣ ያኔ ሰው ይበዛል።

ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ራታን የሚሉት ሶፋ በጣም ያምራል ግን ውድ ነው፣ ደግሞ አንዱ ሻጭ ያለኝን ሌላው ያፈርሰዋል። ብረት በያጅ ጋ ማሠራት ይቻላል። ቀርከሃ መንገድ ዳር አይቻለሁ፣ ዋጋው ደህና ነው፣ ግን ነቀዝ ይበላዋል አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ እንጨት ውጭ ከዋለ ሁለት ክረምት አይችልም ባይ ነው። ለእኛ አየር የትኛው ይሻላል? ትልቁ ዣንጥላስ ይጠቅማል ወይስ ጣራውን ላስቀጥል? በተለይ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ እባካችሁ ያላችሁን ንገሩኝ።


ሱሉልታ ነኝ፦

ማሂ፣ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከወንበሩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጥላውን ጨርሺ ነው የምልሽ። ጥላው ካልተስተካከለ የፈለግሽውን ያህል ቆንጆ ሶፋ ብታስገቢ ከሰዓት በኋላ ማንም አይቀመጥበትም።

ምዕራብ ለሚያይ በረንዳ ዣንጥላ ብዙ አያዋጣም። ዣንጥላ የሚከልለው ከላይ የሚመጣውን ፀሐይ ነው። ያንቺ ፀሐይ ከ10 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ በጎን ነው የሚገባው። ጣራውን ብታስቀጥዪውም ያው ነው፤ ዝናቡን ይይዝልሻል፣ የቀትሩንም ፀሐይ ይይዝልሻል፣ የማታውን ግን አያቆመውም። እሱን የሚያቆመው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። በገመድ የሚጠቀለል የቀርከሃ መጋረጃ ይሆናል፣ ወፍራም ሸራም ይሆናል። ትዕግሥት ካለሽ ደግሞ ሽቦ ወጥረሽ የሚሳብ ተክል ብታስይዢበት ከሁሉም ያምራል። ቡጋንቪላ ፀሐይ ይወዳል፣ አንዴ ከያዘ ውኃም ብዙ አይጠይቅም። እሾህ ስላለው ብቻ ልጆቹ ከሚሮጡበት ራቅ አድርጊው።

ሌላው የከፍታው ጉዳይ ነው፣ ሻጮቹ ይህን አይነግሩሽም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በእናንተና በእኛ በኩል ደግሞ መሬቱ ይብሱን ከፍ ይላል። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ እየቀዘቀዘሽ ቆዳሽ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ተራው የፕላስቲክ ወንበርም ቀለሙ ነጥቶ፣ ዱቄት ዱቄት እያለ፣ በመጨረሻ እግሩ ተከፍቶ የሚሰበረው በዝናቡ ሳይሆን በዚሁ ጨረር ነው። ስለዚህ ሻጩ «ውኃ አይገባውም» ሲልሽ ጥሩ፣ ግን ፀሐዩንስ ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂው። ለጣራ የሚሆን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስትገዢም ጨረር መከላከያ ያለው መሆኑን አረጋግጪ፣ አለዚያ ቶሎ ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሐምሌ ላይ በረዶ ሲጥል ይበሳሳል። ቆርቆሮ ካደረግሽ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ መሰማማት የለም፣ ከሥሩ ኮርኒስ ነገር ካልገባ።

ነፋሱን እንዳትንቂው። ለገጣፎ ሜዳ ነው። ቀላል የአልሙኒየም ወንበር ሌሊት ተነስቶ አጥር ሥር ሊገኝ ይችላል። ዣንጥላም ከገዛሽ መቆሚያው በሲሚንቶ የተሞላ ከባድ ይሁን፣ ሲመሽ ደግሞ ይታጠፍ።


ብረት ሠሪው፦

ሥራዬ ብየዳ ነው፣ ስለዚህ ወደ ብረት ባደላ አትፍረዱብኝ፣ ግን እውነቱን እነግርሻለሁ። በዚህ አገር ለውጭ የሚሠራ ብረት የሚበላሸው ብረቱ ስለማይችል አይደለም። ርካሽ ለማድረግ ሲባል ስስ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) ይገባል፣ ብየዳው በነጥብ በነጥብ ይያዛል፣ ከዚያ ዝገቱ ሳይጠረግ ቀለም ይቀባበታል። ከውጭ ያብለጨልጫል፣ ከውስጥ ግን ዝገቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራውን እየሠራ ነው።

ስታሠሪ እንዲህ በይ። የቱቦላሬው ውፍረት ቢያንስ 1.5 ሚሊ ይሁን። ልጆች ይወጡበታል ብለሻልና ከዚያ አትውረጂ፣ 0.8 ሚሊ ለበር መሙያ እንጂ ሰው ለሚቀመጥበት አይሆንም። መጋጠሚያው ዙሪያውን ሙሉ ይበየድ። ብየዳው በግራይንደር ይለስልስ፣ ሹል ነገር ከቀረ ልብስም ይቀዳል ልጅም ይቆርጣል። ከዚያ ዝገቱና ዘይቱ በደንብ ተጠርጎ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ይቀባ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከላዩ ሲንቴቲክ ቀለም ሁለት እጅ ይደረግ። አንቲረስቱን ራስሽ ቆመሽ እዪ። ላይኛው ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሥሩ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የእግሩን ጫፍ ተከታተዪ። ቱቦላሬ ጫፉ ክፍት ከሆነ ውኃ ይጠጣል፣ ከታች ወደ ላይ ይዝጋል። ወይ በላሜራ ተበይዶ ይደፈን፣ ወይ ጎማ ይግባበት። ጎማው ሊሾሽንም ሴራሚክሽንም ከጭረትና ከዝገት ምልክት ይጠብቃል።

መቀመጫውን ግን በብረት አታድርጊ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አይቀመጡበትም፣ የካቲት ላይ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያቃጥላል። አካሉ ብረት፣ መቀመጫውና መደገፊያው የእንጨት ርብራብ ይሁን። እንጨቱ በብሎን ቢታሰር ሲያረጅ አንድ አንዱን እየፈቱ መቀየር ይቻላል። ለእኛ አገር አየርም ለእኛ ኪስም ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ራታኑን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ የምታዪው አብዛኛው ተክሉ አይደለም፣ ከፕላስቲክ የተጎነጎነ ነው። እውነተኛው ራታን ውጭ አይውልም፣ ዝናብ አይወድም። የፕላስቲኩ ጥራት ይለያያል። ስትሄጂ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። እግሩ ላይ ከያዘ ውስጡ ብረት ነው፣ ካልያዘ አልሙኒየም መሆኑ አይቀርም። ብረት ከሆነ ተጎንጉኖ የተሸፈነው ሥር ሲዝግ አይታይሽም፣ የምታውቂው ሲሰበር ነው። አልሙኒየም ከሆነና ጉንጉኑ ስትጫኚው ሳይደርቅ ሳይሰነጠቅ የሚመለስ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል፣ ግን ርካሽ አታገኚውም።


የድሮ አናጺ፦

ልጄ፣ ባልሽ ስለ እንጨት ያለው ግማሹ ልክ ነው። ግን «እንጨት» ብሎ አንድ ነገር የለም።

ዝግባ ለቤት ውስጥ መልካም ነው፣ ውጭ ካዋልሽው ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠረጴዛው አንድ ጎኑ ይነሳብሻል። ጽድ ከአገራችን እንጨት ለውጭ የሚተካከለው ጥቂት ነው። የአጥር ቋሚ ሆኖ መሬት ውስጥ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ዋንዛም ለጠረጴዛ ገጽ ያምራል፣ ጣራ ሥር ከዋለ ይቆያል። ነገር ግን ጽድና ዋንዛ፣ ኮሶና ዝግባም ጭምር፣ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986ቱ የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፣ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም ጉዳዩ ዛሬም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይነግርሽ ሻጭ ጋ አትግዢ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጽድ ካገኘሽ እሱን ያዢ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ጠይቂ፣ አሮጌ እንጨት ደርቆ ያለቀ ስለሆነ ከአዲሱ ይልቅ አይጣመምም።

አሠራሩ ላይ ደግሞ ይህን ልብ በዪ። የጠረጴዛው ገጽ ድፍን አይሁን፣ በጣውላዎቹ መካከል የትንሽ ጣት ያህል ክፍተት ይተው፣ ውኃው ይውረድ፣ እንጨቱም ሲያብጥ ቦታ ያግኝ። ምስማር አይደረግ፣ ዚንክ የተነከረ ብሎን ይደረግ። የእንጨቱ እግር ወለሉን አይንካ፣ ውኃ የሚጠጣው በጫፉ በኩል ነውና። ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ (የተፈጨ እንጨት በሙጫ የተጠቀጠቀበት ሰሌዳ) በፎርማይካ ለብሶ «ውኃ አይገባውም» ካሉሽ እሺ ብለሽ እለፊ። ጠርዙ አንዴ ከተከፈተ እንደ ተነከረ ዳቦ ነው የሚያብጠው።

ቅባትን በሚመለከት፣ ቫርኒሽ ያምራል፣ ግን በፀሐይ ይላጣል፣ ከተላጠ ሁሉንም ፍቆ እንደገና ነው። እኔ የተልባ ዘይት ነው የምመርጠው። በስሱ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ይደገማል። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ እጅ ይጨመርበታል። የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለሽ ጥግ አትወርውሪው፣ እርስ በርሱ ሞቆ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፣ ለአጥር ይሁን፣ ሰው ለሚቀመጥበት ግን ነውር ነው፣ ልብስ ያበላሻል፣ ለጤናም አይሆንም።

ቀርከሃን አትናቂው። አገራችን ከአፍሪካ በቀርከሃ ሀብት ቀዳሚ ከሚባሉት ናት። የደጋው፣ ከአዊና ከሲዳማ በኩል የሚመጣው፣ ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው፣ የቤኒሻንጉሉ፣ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ነቀዙ የሚበላው በውስጡ ያለውን ስታርች ፈልጎ ነው። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተቀላቀለበት ውኃ የተነከረ ከሆነ ይድናል፣ ያልተነከረ ከሆነ ግን ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ታያለሽ። ስለዚህ ሻጩን ምን እንዳደረገው ጠይቂው። መሬት የማይነካ፣ ጣራ ሥር የሚውል ከሆነ ደህና ነው። ለመጋረጃና ለትንሽ መደርደሪያ ከሁሉም ይሻላል።


ቤቲ22፦

ለማኅበሩ ብለሽ ወንበር አትግዢ። ድንኳንም ወንበርም ከእድር ትወስጃለሽ። አንቺ በየቀኑ ለምትቀመጡት ለአምስታችሁ ብቻ ግዢ፣ ያው ገንዘብ ለጥራቱ ይዋል።


ቱሉ ዲምቱ፦

ማሂ ወለሉን ማንም አላነሳም። በእኛ በኩል መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለው ሊሾም አብሮ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አራት እግር ያለው ማንኛውም ጠረጴዛ ይወዛወዛል። ለገጣፎ ላይም ሠፈር ለሠፈር ይለያያልና የእናንተን እዪው። አዲስ ወለል የምታፈሱ ከሆነ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ክፍቱ ክፍል ላይ ደግሞ ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ ይዘቅዝቅ፣ አለዚያ ውኃው ከወንበሮቹ ሥር ተኝቶ ያድራል፣ አንቲረስቱም ዘይቱም ምንም አይረዳም። ጣራውን ካስቀጠላችሁ አሸንዳ አይቅር። ያለ አሸንዳ የሚወርደው ውኃ ጭቃ እየረጨ የወንበሩን እግር ያበላሻል።

ሴራሚክ ካስነጠፋችሁም የሚያንሸራትተውን አትምረጡ። እናትሽ አሉ።


ማሂ ከለገጣፎ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አባባ፣ እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ስለ ዝግባው ባይነግሩኝ እሱኑ ላዝዝ ነበር። ባለቤቴም አንብቦልኝ፣ የብረትና የእንጨቱ ድብልቅ ላይ ተስማምተናል። ሊሾው አንድ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለው፣ እሱን መጀመሪያ እናሳያለን።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ትራሱን ምን ላድርገው? ሽሮ ሜዳ በጣም የሚያምር የሸማ ጨርቅ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ክረምት ዙሪያውን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ዘግተን ቡናውን እዚያው በከሰል ብናፈላ ሙቀቱም ይጠቅመናል ብለን ነበር።


ሰላም ከአያት፦

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም አስደንግጦኛል። እባክሽ ማሂ፣ ዙሪያውን ዘግተሽ ከሰል አታንድጂ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመስላል፣ ከዚያ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በየክረምቱ ከሰል አስገብተው የተኙ ቤተሰቦችን ሐዘን እንሰማለን። ትንንሽ ልጆችና እናትሽ ቀድመው ነው የሚጎዱት። ፕላስቲኩን አንዱን ጎን፣ ነፋስ የሚመጣበትን ብቻ ዝጊ፣ ቢያንስ ሁለት ጎን ሰፊ ክፍት ይሁን፣ ከሰሉም ጠርዝ ላይ ይሁን። ለሙቀት ጋቢ አለ። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ካለብሽ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪው።

አሁን ስለ ትራሱ። የሸማው ጨርቅ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ውጭ ከዋለ ጥጡ እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል፣ ቀለሙንም ፀሐዩ ይበላዋል። እንዲህ አድርጊ። ሁልጊዜ ውጭ ለሚውለው ትራስ ልብሱ ፖሊስተር ወይም የሸራ ዓይነት ይሁን፣ ዚፕ ይኑረው፣ ወልቆ ይታጠብ። ሸማውን ለእሁድ አስቀምጪው፣ ቡና ሲፈላ ይነጠፍ፣ ሲያልቅ ይግባ። ስፖንጁ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ስስና ለስላሳው ሁለት ወር ሳይሞላው ይደፈጠጣል፣ ውኃም ከጠጣ በቀላሉ አይደርቅም። ትራሶቹ የሚገቡበት ክዳን ያለው ረጅም ሳጥን አሠሪ፣ ከላዩ ለልጆቹ መቀመጫ ይሆናል። ደመና ሲያጠቁር በአንድ ጊዜ ከትተሽ ትዘጊያለሽ። ይህ ሳጥን ከሌለ፣ ትራስ ማስገባት ማስወጣቱ ይሰለቻል፣ አንድ ቀን ይረሳል፣ በዚያው ቀን ይዘንባል።

ለእናትሽ የመቀመጫው ከፍታ ትራሱን ጨምሮ ከ45 እስከ 48 ሴንቲ ይሁን፣ የእጅ መደገፊያ ይኑረው፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ብዙ አይዘቅዝቅ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ጥልቅ ሶፋዎች ለመነሳት መከራ ናቸው፣ ወጣቱንም ይይዛሉ። ቡና የምታፈላው ሰው በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ትቀመጥ፣ የተለመደው ነው። እናትሽ ግን ከፍ ብላ ስኒውን ሳትጎነበስ የምታስቀምጥበት ትንሽ ጠረጴዛ ጎኗ ይኑር። ይህን ሁሉ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፣ አረጋውያን ደግሞ ችግሩን አይናገሩም፣ ዝም ብለው ቤት ውስጥ መቀመጥ ይጀምራሉ።

ለጠረጴዛው ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ቁጠሪ። 150 በ90 ለስድስት ይበቃል። ከወንበሩ ኋላ 90 ሴንቲ ያህል ባዶ ተዪ፣ ሰው ትሪ ይዞ እንዲያልፍ። በረንዳሽ 4 ሜትር ጥልቀት ስላለው ጠረጴዛውን ጣራው ሥር፣ ወንበሮቹን ደግሞ ወደ ጠርዙ ማድረግ ትችያለሽ። ሁሉንም ቦታ አትሙዪው።

ለአበባ የፕላስቲክ ማሰሮ ከመግዛት ቀጨኔ ሂጂ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ጋ በፈለግሽው መጠን ታገኚያለሽ፣ ከታች ቀዳዳ እንዲያደርጉልሽ ንገሪያቸው። ጌራንየም ለጀማሪ ጥሩ ነው። መብራት በተመለከተ የሶላሯ መብራት በጋ ላይ በደንብ ትሠራለች፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ስለሚጫናት ደብዘዝ ትላለች። አንድ ቋሚ መብራት ለውጭ የሚሆን ሽፋን ያለው አስገጥሚ፣ ብርሃኑ ቢጫ ቢሆን ይሻላል።


ማሂ ከለገጣፎ፦

ስለ ከሰሉ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ሰላምዬ፣ ለቤቱ ሁሉ አነበብኩላቸው። ፕላስቲኩን ተውነው፣ በምዕራብ በኩል የቀርከሃ መጋረጃ ብቻ ይሆናል። ስድስት ወንበር፣ አንድ 150 በ90 ጠረጴዛ፣ አንድ የትራስ ሳጥን። አካሉ 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ርብራቡ አሮጌ ጽድ ካገኘን። ለእናቴ የሚሆነው ወንበር ለብቻው 47 ሴንቲ ይሠራል። ብረት ሠሪው፣ የሳጥኑንስ አካል በላሜራ ላድርገው?


ብረት ሠሪው፦

ላሜራ አታድርጊ። ሌሊት ሲበርድ ከውስጥ ያልበዋል፣ ትራሱ እርጥብ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አጽሙ ቱቦላሬ፣ ጎኖቹ የእንጨት ርብራብ፣ ክዳኑ ብቻ ላሜራ ወደ ፊት ዘቅዘቅ ብሎ፣ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ይሁን። ከሥር እንጨት ይነጠፍበትና ከወለሉ 10 ሴንቲ ከፍ ይበል። ክዳኑ ልጆቹ እጅ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ ሰንሰለት ወይም ደጋፊ ዘንግ ይግባለት። ሠሪው ይህን ካልጠየቅሽው አያደርገውም።